ከትንሽ ናሙና የጉዞ ምርጫ ሞዴል መገመት፦ ስለ ዳግም ናሙና ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ ሰዎች ከታክሲ፣ ከአውቶቡስ፣ ከባቡርና ከእግር ጉዞ መካከል እንዴት እንደሚመርጡ በሎጂት ሞዴል (የእያንዳንዱን አማራጭ የመመረጥ ዕድል በሚያሰላ ሞዴል) ለሚያጠኑ፣ ነገር ግን በእጃቸው ያለው የተሞላ መጠይቅ ከአንድ እስከ ሦስት መቶ ብቻ ለሆነ ተማሪዎችና የትራንስፖርት ባለሙያዎች የተዘጋጀ ነው። የሎጂትን መሠረት እንደሚያውቁ ቆጥረናል። በምሳሌዎቹ ውስጥ ያሉት የአዲስ አበባ ቁጥሮች ስሌቱን ለማሳየት የገቡ እንጂ ከጥናት የተወሰዱ አይደሉም።

ዳግም ናሙና ስንል ምን ማለታችን ነው?

በእጅ ያለውን ናሙና እንደ ሙሉ ሕዝብ ቆጥሮ፣ ከእሱ ውስጥ ደጋግሞ ዕጣ በማውጣት አዳዲስ ናሙናዎች መሥራትና በእያንዳንዳቸው ላይ ሞዴሉን እንደገና መገመት ነው። በብዛት የሚሠራበት ዘዴ ብራድሊ ኤፍሮን እ.ኤ.አ. በ1979 ያቀረበው ቡትስትራፕ ነው። 150 መላሾች ካሉዎት አንዱን በዕጣ ያወጣሉ፣ መዝግበው ይመልሱታል፣ እንደገና ያወጣሉ፤ ዝርዝሩ 150 እስኪሞላ ይቀጥላሉ። አንዱ ሰው ሁለት ሦስት ጊዜ ሊወጣ፣ ሌላው ጨርሶ ላይወጣ ይችላል። በአንድ ዙር በአማካይ ከሰዎቹ 63 በመቶው ቢያንስ አንድ ጊዜ ይወጣሉ፤ 37 በመቶው ይቀራሉ። ይህን 1000 ዙር ሲደግሙ ለጊዜ ኮፊሸንት (ጊዜ በምርጫው ላይ ያለውን ክብደት ለሚለካው ቁጥር) 1000 ግምት፣ ለዋጋ ኮፊሸንትም 1000 ግምት ያገኛሉ። የግምቶቹ መበታተን፣ ሌላ ሰው በሌላ ቀን ሌሎች 150 ሰዎችን ቢጠይቅ ውጤቱ ምን ያህል ይለያይ እንደነበር ያሳያል።

ከእሱ በፊት የመጣው ጃክናይፍ ዕጣ የለውም። በየተራ አንድ አንድ ሰው ያስወጣና በቀሪዎቹ ላይ ይገምታል፤ ስለዚህ ለ150 ሰው 150 ዙር ይበቃዋል። እያንዳንዱ ግምት ከግምቶቹ አማካይ ያለውን ርቀት በካሬ አድርገው ይደምሩ፣ በ149/150 ያባዙ፣ ከዚያ ሥሩን ያውጡ፤ መደበኛ ስህተቱ (ግምቱ ከናሙና ናሙና የሚዋዥቅበት ልክ) ይህ ነው። ጃክናይፍን ዛሬም የምንመክረው ለሌላ አገልግሎት ነው፦ የትኛው አንድ ሰው ሞዴሉን ብቻውን እንደሚጎትት በቅጽበት ያጋልጣል። አንድ ሰው ሲወጣ የዋጋ ኮፊሸንት ምልክቱን ከቀየረ፣ ሌላ ነገር ከመሥራትዎ በፊት የዚያን ሰው መጠይቅ አውጥተው ያንብቡ። ብዙ ጊዜ በሰዓት የተጻፈ ጊዜ በደቂቃ ገብቶ፣ ወይም የወር ወጪ በአንድ ጉዞ ዋጋ ቦታ ተሞልቶ ይገኛል።

ሶፍትዌሩ ራሱ መደበኛ ስህተት ይሰጠኝ የለ? ለምን ልድከም?

ሶፍትዌሩ የሚያትመው ስህተት ናሙናው እጅግ ትልቅ ሲሆን በሚሠራ ሕግ ላይ የቆመ ነው። የሎግ ላይክሊሁዱ (ሞዴሉ ከመልሶቹ ጋር ምን ያህል እንደሚስማማ የሚለካው ቁጥር) ጫፍ ምን ያህል እንደሚጎብጥ ይለካና፣ ከጫፉ ወዲህም ወዲያም ቁልቁለቱ እኩል ነው ብሎ ያስባል። በ5000 ሰው ይህ ይሠራል። በ120 ሰው ግን አንደኛው ወገን ገደል፣ ሌላኛው ወገን ረጅም ሜዳ ሊሆን ይችላል፤ ያኔ ግምቱን መሐል አድርጎ ወዲህና ወዲያ እኩል የሚዘረጋ የመተማመኛ ክልል (እውነቱ ይገኝበታል የሚባለው ከዚህ እስከዚያ) የተሳሳተ ነው። በዚያ ላይ በትንሽ ናሙና የሎጂት ግምቶች ከዜሮ የመራቅ ዝንባሌ አላቸው፤ ማለትም ሰዎች ለጊዜና ለዋጋ ያላቸው ስሜት ከእውነቱ በላይ ተጋንኖ ይታያል። የጊዜ ዋጋን (ሰው ጊዜ ለመቆጠብ የሚከፍለውን ብር) የመሰለ የሁለት ኮፊሸንቶች ውድር ሲመጣ ደግሞ ችግሩ ይብሳል። ወደዚያ እንመለሳለን።

ቡትስትራፕ ትንሹን ናሙናዬን ትልቅ ያደርግልኛል?

አያደርግም። የ150 ሰው መልስ ሺህ ጊዜ ቢደባለቅ የ150 ሰው መልስ ነው። ባቡር የሚጠቀም ሰው ካልጠየቁ፣ የትኛውም ዕጣ ስለ ባቡር ተጠቃሚ ሊነግርዎት አይችልም። ጥቅሙ ሌላ ነው፦ ናሙናው የማያውቀውን ልክ በሐቀኝነት ያሳያል። ብዙ ጊዜ የሚወጣው ክልል ሶፍትዌሩ ካተመው የሰፋ ይሆናል፤ ይህ የዘዴው ጉድለት ሳይሆን የተፈለገው መልስ ነው።

በተግባር ደረጃዎቹ ምንድን ናቸው?

በመጀመሪያ ሞዴሉን በሙሉው ናሙና ላይ ይገምቱና ውጤቱን ያስቀምጡ። ይህ ዋናው ግምትዎ ነው፤ የዙሮቹ አማካይ አይተካውም። ቀጥሎ የዕጣ ክፍልዎን ይወስኑ (ከታች ያለውን ይመልከቱ)፣ የዕጣ ቁጥር ማመንጫውን ሲድ (መነሻ ቁጥር) በአንድ ቁጥር ያስሩ፣ ቁጥሩንም ይመዝግቡ፤ ያለዚያ ነገ ያንኑ ኮድ ሲያስኬዱ ሌላ ውጤት ይመጣል።

በእያንዳንዱ ዙር ናሙናውን ያውጡ፣ ከዋናው ግምት ተነሥተው ሞዴሉን ያስኬዱ፣ ከዚያ ኮፊሸንቶቹን ብቻ ሳይሆን እነዚህንም ይያዙ፦ የመጨረሻውን ሎግ ላይክሊሁድ፣ ስሌቱ መርጋቱን (ግምቱ መለወጡን አቁሞ መልስ ላይ መድረሱን) የሚናገረውን ምልክት፣ እያንዳንዱ አማራጭ በዚያ ዙር በስንት ሰው እንደተመረጠ። የመጨረሻውን ብዙዎች ይዘሉታል፤ ዙሮች ሲበላሹ ግን ምክንያቱን የሚነግርዎት እሱ ብቻ ነው። የጊዜ ዋጋንም ሆነ የታሪፍ ትንበያን በየዙሩ ውስጥ አስልተው ያስቀምጡ። ከኮፊሸንቶቹ አማካይ ላይ በኋላ ማስላት ስህተት ነው፤ የውድሮች አማካይና የአማካዮች ውድር አንድ አይደሉም።

መጨረሻ ላይ ሥዕል ይሥሩ። ለእያንዳንዱ ኮፊሸንት የግምቶቹን ስርጭት ሳያዩ ሠንጠረዥ አይጻፉ። ሁለት ጉብታ ያለው ወይም በአንድ ወገን ረጅም ጭራ ያለው ስርጭት፣ ከየትኛውም የፈተና ቁጥር በላይ ይናገራል።

ዕጣው የሚወጣው ከሰዎች ነው ወይስ ከመልሶች?

ከሰዎች ነው። በዚህ ሥራ ውስጥ ካሉት ውሳኔዎች ሁሉ ትልቁ ይህ ነው፤ በብዛት የሚበላሸውም እዚሁ ላይ ነው።

60 ሰዎችን ጠይቀው ለእያንዳንዳቸው 8 የታሰቡ የምርጫ ሁኔታዎች አቀረቡ እንበል። ፋይልዎ 480 ረድፍ አለው። የአንድ ሰው ስምንት መልሶች ግን ስምንት የተለያዩ ምስክሮች አይደሉም፤ አውቶቡስ የሚጠላ ሰው በስምንቱም ይጠላዋል። ዕጣውን ከ480 ረድፎች ላይ ካወጡ እያንዳንዱ መልስ ራሱን የቻለ ሰው እንደሆነ ይቆጠራል፣ ክልሉም በሐሰት ይጠባል። ምን ያህል? ለግምታዊ ስሜት ያህል፣ በአንድ ሰው መልሶች መካከል ያለው ዝምድና 0.3 ከሆነ ቫሪያንሱ (የመደበኛ ስህተቱ ካሬ) በ1 + 7 × 0.3 = 3.1 እጥፍ፣ መደበኛ ስህተቱም በ1.76 እጥፍ ማደግ ነበረበት። በአንድ ሰው ውስጥ ከጥያቄ ጥያቄ የሚለዋወጡት ጊዜና ዋጋ ላይ ጭማሪው ከዚህ ሊያንስ ይችላል፤ ዕድሜን፣ ገቢንና የአማራጭ ቋሚዎችን (ከጊዜና ከዋጋ ውጭ ለየአማራጩ የሚቀረውን ዝንባሌ የሚይዙትን ቁጥሮች) ግን አይምርም።

ስለዚህ 60 ሰው በዕጣ ያውጡ፣ የወጣውን ሰው ከስምንቱ መልሶቹ ጋር አንድ ላይ ይውሰዱ። አንድ ሰው ሁለት ጊዜ ሲወጣ ለሁለተኛው ቅጂ አዲስ መለያ ቁጥር ይስጡት። ይህን ካላደረጉ ሚክስድ ሎጂት (ኮፊሸንቱ ከሰው ሰው እንዲለያይ የሚፈቅደው ሞዴል) ሁለቱን ቅጂዎች አስራ ስድስት መልስ እንደሰጠ አንድ ሰው አድርጎ ያነባቸዋል። ፕሮግራሙ ስለማይጮህ ስህተቱ ሳይታይ ያልፋል።

ከአንድ ቤት ባልና ሚስትን፣ ልጆችንም ጠይቀው ከሆነ ክፍሉ ቤተሰቡ ነው። በ12 ቀበሌዎች ብቻ ተወስነው ከጠየቁ ደግሞ ክፍሉ ቀበሌው መሆን ነበረበት፤ ከ12 ክፍል የሚወጣ ቡትስትራፕ ግን ራሱ የሚናጋ ስለሆነ፣ ይህን ገደብ በጽሑፉ ውስጥ በግልጽ ማስፈር ይሻላል።

የምርጫ ሞዴል መገመቻ የሆነው አፖሎ የተባለው የአር (R) ፓኬጅ ቡትስትራፕን በሰው ደረጃ ይሠራል። ባዮጂም የተባለው የፓይተን ፓኬጅም መረጃው የአንድ ሰው ተደጋጋሚ መልስ መሆኑ ከተነገረው እንዲሁ ያደርጋል። ካልተነገረው ረድፎችን ነው የሚያወጣው።

መጠይቁን ያስሞላሁት በፌርማታና በታክሲ ተራ ላይ ነው። ለውጥ ያመጣል?

ያመጣል። 60 ሰው ከአውቶቡስ ፌርማታ፣ 60 ከታክሲ ተራ፣ 30 ከባቡር ጣቢያ ጠይቀው ከሆነ እነዚህን ቁጥሮች የወሰኑት እርስዎ ነዎት፤ የአጋጣሚ ውጤት አይደሉም። ስለዚህ በየዙሩ ከእያንዳንዱ ቡድን ውስጥ ለብቻው ያንኑ ቁጥር ያውጡ፦ 60፣ 60፣ 30።

ይህ አወሳሰድ የአማራጭ ቋሚዎችን ያዛባል። ተራ ሎጂት ከሆነና ለሁሉም አማራጭ (ሌሎቹ ከሚነጻጸሩበት ከመነሻው በቀር) ቋሚ ካስገቡ ሌሎቹ ኮፊሸንቶች ደህና ናቸው፤ ከየቋሚው ላይ የናሙናው ድርሻ ለሕዝቡ ድርሻ ያለውን ውድር ሎጋሪዝም መቀነስ ይበቃል፤ ለመነሻው አማራጭም ያንኑ አስልተው ልዩነቱን ይያዙ። አንድ አማራጭ በናሙናው 30 በመቶ፣ በከተማው ግን 15 በመቶ ከሆነ የሚቀነሰው የ2 ሎጋሪዝም፣ ማለትም 0.69 ነው። ሞዴሉ ከተራ ሎጂት የተለየ ከሆነ ማንስኪና ሌርማን እ.ኤ.አ. በ1977 ያቀረቡትን ክብደት ይጠቀሙ፦ የሕዝብ ድርሻ ሲካፈል ለናሙና ድርሻ። ክብደቱ ከሰውየው ጋር አብሮ ወደ ዙሩ ይገባል።

አንዳንድ ዙሮች አይረጉም። ልጣላቸው?

ዝም ብለው አይጣሏቸው። መጀመሪያ ምን እንደሆኑ ይወቁ።

ከ150 ሰዎች 84ቱ ሚኒባስ ታክሲ፣ 45ቱ አውቶቡስ፣ 18ቱ እግር፣ 3ቱ ብቻ ቀላል ባቡር መረጡ እንበል። በአንድ ዙር ሦስቱም የባቡር ሰዎች ሳይወጡ የመቅረታቸው ዕድል 147/150 ራሱን 150 ጊዜ ሲያባዛ፣ 4.8 በመቶ ነው። ከ1000 ዙር ውስጥ 48 ያህሉ ባቡር የሚባል ምርጫ የማያውቁ ይሆናሉ ማለት ነው። በእነዚህ ውስጥ የባቡሩ ቋሚ ወደ አሉታዊ ኢንፊኒቲ ይሮጣል፤ ሶፍትዌሩ ደክሞት −18 ወይም −25 ላይ ሲቆም ያያሉ። ከቁጥሩ ራሱ ትርጉም አይፈልጉ፤ የቆመበት ቦታ በስሌቱ ማቆሚያ መስፈርት የተወሰነ ነው። የባቡር ተጠቃሚዎቹ 5 ቢሆኑ ኖሮ ዕድሉ ወደ 0.6 በመቶ ይወርዳል፤ 10 ቢሆኑ በተግባር ይጠፋል።

ሁለተኛው ዓይነት ብልሽት ፍጹም መለያየት ነው፦ በዚያ ዙር የወጡት መኪና ያላቸው ሰዎች ሁሉ አንድ ዓይነት መጓጓዣ መርጠው ይገኛሉ። ምልክቱ ግልጽ ነው፤ ሎግ ላይክሊሁዱ መጨመሩን ሲያቆም ኮፊሸንቱ ግን ማደጉን ይቀጥላል፣ መደበኛ ስህተቱም በመቶዎች ይቆጠራል።

የተበላሹትን ዙሮች ጥሎ በቀሪዎቹ ክልል መሥራት ክልሉን በሐሰት ያጠባል፤ የተጣሉት ዳር ላይ ያሉት ናቸውና። በፐርሰንታይል ዘዴ (ግምቶቹን ደርድሮ ከታችና ከላይ 2.5 በመቶውን በመቁረጥ) ከሠሩ ግን ለባቡሩ ቋሚ መልካም መውጫ አለ፦ ባቡር የጠፋባቸውን ዙሮች በአሉታዊ ኢንፊኒቲ ቦታ አስቀምጠው ይደርድሩ። ከላይ ባለው ምሳሌ 4.8 በመቶው ከ2.5 በመቶ ስለሚበልጥ፣ የባቡሩ ቋሚ የታች ወሰን የለውም። ናሙናው የሚለው ይህንን ነው፤ ይህንኑ ይጻፉ።

ሞዴሉን ማዳን ከፈለጉ ሦስት መንገድ አለ። አንደኛው አማራጮችን ማዋሃድ ነው፤ በሦስት ሰው ላይ የባቡርን ባህርይ ለብቻ ማጥናት አይቻልም። ሁለተኛው ዶናልድ ሩቢን እ.ኤ.አ. በ1981 ያቀረበው የቤዝ ቡትስትራፕ ነው፦ ዕጣ በማውጣት ፈንታ ለእያንዳንዱ ሰው ከዜሮ የሚበልጥ የአጋጣሚ ክብደት ይሰጡታል። ከ0 እስከ 1 ያለ የአጋጣሚ ቁጥር ያመንጩ፣ ሎጋሪዝሙን ይውሰዱ፣ ምልክቱን ይቀይሩ፣ ክብደቶቹን አማካያቸው 1 እንዲሆን ያካፍሉ። ማንም ሰው ጨርሶ ስለማይጠፋ ባቡር የጠፋበት ዙር አይኖርም። ለትንሽ ናሙና እኛ አብዝተን የምንመርጠው ይህን ነው። ሦስተኛው የዴቪድ ፈርዝ ቅጣት ያለው ላይክሊሁድ (እ.ኤ.አ. 1993) ነው፤ መለያየት ባለበትም ቦታ ውሱን ግምት ይሰጣል፣ ከዜሮ የመራቁንም ዝንባሌ ይቀንሳል።

ስንት ዙር ይበቃል?

ለመደበኛ ስህተት ብቻ 200። ከዙር ቁጥር ማነስ የሚመጣው የራሱ የመደበኛ ስህተቱ መዋዠቅ፣ 1 ሲካፈል ለዙሩ እጥፍ ሥር ያህል ነው፦ በ50 ዙር 10 በመቶ፣ በ200 ዙር 5 በመቶ፣ በ1000 ዙር 2.2 በመቶ። ለመተማመኛ ክልል ግን ጭራዎቹ ስለሚያስፈልጉ ከ1000 አይውረዱ። 999 ዙር ከሠሩ ድርደራው ይቀልላል፤ 25ኛውና 975ኛው ግምት የ95 በመቶው ወሰኖች ናቸው።

የጊዜ ዋጋን ክልል እንዴት ላውጣ?

የጊዜ ኮፊሸንት በደቂቃ −0.040፣ የዋጋ ኮፊሸንት በብር −0.050 ነው እንበል። ውድሩ በደቂቃ 0.80 ብር፣ በሰዓት 48 ብር ይሆናል። መደበኛ ስህተቶቹ 0.012 እና 0.020፣ በመካከላቸው ዝምድና የለም ብለን እንያዝ። የተለመደው የዴልታ ዘዴ (ውድሩን እንደ ቀጥታ መስመር ቆጥሮ የሚያሰላው) የጊዜ ዋጋውን መደበኛ ስህተት 24 ብር ያደርገዋል፤ ክልሉም ከ1 እስከ 95 ብር። ውድር መሆኑን በትክክል የሚያየው የፊለር ዘዴ ግን ከ17 እስከ 232 ብር ይሰጣል። ልዩነቱን ልብ ይበሉ፦ ዴልታው ከታች ያለ ምክንያት ወደ ዜሮ ይወርዳል፣ ከላይ ደግሞ ግማሽ እንኳ አይደርስም። ለመንገድ ፕሮጀክት ጥቅም የሚሰላው በዚህ ቁጥር ስለሆነ፣ ነገሩ የሒሳብ ውበት ጉዳይ አይደለም።

ይህ የሚሆነው የዋጋ ኮፊሸንት ወደ ዜሮ ሲጠጋ ውድሩ ስለሚፈነዳ ነው። ቡትስትራፕ ይህን ጭራ ሳይደብቅ ያመጣዋል። አማካዩንና መደበኛ ስህተቱን ግን አይጠቀሙ፤ ሁለት ሦስት ዙር ብቻቸውን ሊያበላሿቸው ይችላሉ። መካከለኛውን ግምትና ፐርሰንታይሎቹን ይውሰዱ።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። በአንዳንድ ዙሮች የዋጋ ኮፊሸንት አዎንታዊ ይወጣል፣ የጊዜ ዋጋውም −300 ብር ይሆናል። ኮምፒዩተሩ ይህን ከታች ይደረድረዋል። ነገር ግን የዋጋ ኮፊሸንት ከ−0.001 ወደ +0.001 ሲያልፍ የጊዜ ዋጋው ከትልቅ አዎንታዊ ወደ ትልቅ አሉታዊ ዘለለ እንጂ አላነሰም፤ ቦታው ከላይ ነው። እነዚህን ዙሮች ለብቻ ይቁጠሯቸውና በላይኛው ጫፍ ያስቀምጡ። ከ2.5 በመቶ ከበለጡ ለጊዜ ዋጋው የላይ ወሰን ማውጣት አይቻልም።

ግምቱ የተዛባ ከሆነ ላርመው?

ዋናው ግምት −0.040፣ የዙሮቹ አማካይ −0.046 ከሆነ፣ መዛባቱ −0.006 ነው፤ የታረመው ግምት ከዋናው እጥፍ ላይ አማካዩን ሲቀንሱ −0.034 ይመጣል። እርማቱ ግን ነጻ አይደለም፤ የራሱን መዋዠቅ ይጨምራል። መዛባቱ ከመደበኛ ስህተቱ ሩብ በታች ከሆነ ይተዉት። እዚህ 0.006 ለ0.012 ግማሽ ስለሆነ ማረም ያስኬዳል። ፍጹም መለያየት የታየባቸው ዙሮች ካሉ ግን አማካዩ ዋጋ የለውም፤ ያኔ ወደ ፈርዝ ይሂዱ።

ሚክስድ ሎጂት ላይ ይሠራል?

ይሠራል፣ ግን በጥንቃቄ። አንዱ ግምት 4 ደቂቃ ከፈጀ 1000 ዙር 67 ሰዓት ያህል ነው፤ በ8 ኮር ቢካፈል ከ8 ሰዓት በላይ። የሃልተን ቁጥሮቹን (ሚክስድ ሎጂት ለስሌቱ የሚያመነጫቸውን ቁጥሮች) መጠን ከዙር ዙር አይቀይሩ። የተለዋዋጩ ኮፊሸንት መደበኛ ልይይት በአንዱ ዙር +0.6፣ በሌላው −0.6 ሆኖ ይወጣል፤ ሁለቱ አንድ ናቸው፣ ምልክቱን አጥፍተው ይደርድሩ። ይህን ረስቶ አማካይ የወሰደ ሰው ዜሮ ያገኝና ልዩነት የለም ብሎ ይደመድማል። ልይይቱ በእውነት ዜሮ ላይ ወይም አጠገቡ ከሆነ ደግሞ ተራው ቡትስትራፕ ትክክለኛ ክልል አይሰጥም፤ ዜሮ የነገሩ ዳርቻ ነውና። በ100 ሰውና በሰው አንድ መልስ ሚክስድ ሎጂት መሞከር ራሱ ከመረጃው አቅም በላይ ነው ብለን እናምናለን።

ተለዋዋጮቹን በሙከራ መርጬ ከሆነስ?

አሥር ሞዴል ሞክረው ምልክቱ ያማረውን ካስቀሩ፣ ምርጫውም የአጋጣሚ ልጅ ነው። የማስወጫ ሕግዎን በኮድ ጽፈው በየዙሩ ውስጥ ያስኬዱት፣ ከዚያ እያንዳንዱ ተለዋዋጭ በስንት ዙር እንደተመረጠ ይዘግቡ። ከ1000 ዙር በ400ው ብቻ የሚገባ ተለዋዋጭ ላይ ፖሊሲ አይመሠረትም።

ለትንበያስ? ታሪፍ ቢጨምር የሚሆነውን ማወቅ ነው የምፈልገው።

በየዙሩ ገምተው ወዲያው በዚያው ዙር ኮፊሸንቶች አዲሱን ድርሻ ያስሉ። ውጤቱ እንደ “አውቶቡስ 31 በመቶ” ያለ ነጠላ ቁጥር ሳይሆን ክልል ይሆናል። ለውጡን ለማስላት የአሁኑንም ድርሻ በዚያው ዙር ያስሉት፤ ሁለቱ አብረው ስለሚወዛወዙ የልዩነታቸው ክልል ከእያንዳንዱ የጠበበ ሊሆን ይችላል።

ትንሽ ናሙና ትንበያ ላይ ምን ያህል ሊሄድ እንደሚችል የታወቀው ምሳሌ የሳን ፍራንሲስኮ አካባቢ ባቡር፣ ባርት ነው። ዳንኤል ማክፋደንና ባልደረቦቹ ባቡሩ ሥራ ሳይጀምር እ.ኤ.አ. በ1972 ከ771 ወደ ሥራ ተጓዦች መረጃ ሰብስበው የባርት ድርሻ 6.3 በመቶ ይሆናል አሉ። ይፋዊው ትንበያ 15 በመቶ ነበር፤ የታየው 6.2 በመቶ ሆነ። ማክፋደን እ.ኤ.አ. በ2000 የኖቤል ሽልማት ሲቀበል ባቀረበው ንግግር፣ ከትንበያው መደበኛ ስህተት አንጻር ያን ያህል መቅረባቸው ዕድል እንደነበረበት ተናግሯል። አንድ ትንበያ መምታቱ ክልሉን አያጠበውም።

ኮዴ ትክክል መሆኑን በምን አውቃለሁ?

መልሱ በታወቀ መረጃ ይፈትኑት። ከባዮጂም ጋር በነጻ የሚገኘው የስዊስሜትሮ (በስዊዘርላንድ ታስቦ የነበረ ፈጣን የምድር ውስጥ ባቡር) መረጃ ለዚህ ተስማሚ ነው፦ እ.ኤ.አ. በ1998 በስዊዘርላንድ የተሰበሰበ፣ 1192 ሰዎች እያንዳንዳቸው 9 ጥያቄ የመለሱበት፣ በድምሩ 10,728 ረድፍ። በተለመደው የመማሪያ ሞዴል ወደ ሥራና ለሥራ ጉዳይ የተጓዙት 752 ሰዎች፣ 6,768 ረድፍ ብቻ ይያዛሉ። ጊዜና ዋጋ በ100 ተካፍለው የጊዜ ኮፊሸንት −1.28፣ የዋጋ −1.08 ይወጣል፤ በሰዓት 71 የስዊስ ፍራንክ ያህል ማለት ነው። መጀመሪያ እነዚህን ቁጥሮች ማግኘትዎን ያረጋግጡ።

ከዚያ 752ቱን ሙሉ ሕዝብ አድርገው ቆጥረው 60 ሰው እየመለሱ ያውጡ፣ በ500 ዙር ቡትስትራፕ የ95 በመቶ ክልል ይሥሩ፣ 71 ክልሉ ውስጥ መኖሩን ይመዝግቡ። ይህን ሁሉ 200 ጊዜ ይድገሙ። 100,000 ግምት ነው፤ ለተራ ሎጂት አንድ ሌሊት ይበቃል። ከ200ው 190 አካባቢ 71ን ከያዙ ኮዱ ደህና ነው። 150 ብቻ ከያዙ ዕጣውን ከሰው ፈንታ ከረድፍ እያወጡ እንደሆነ በመጀመሪያ ይጠርጥሩ።

በቀረኝ በጀት 50 ሰው ልጨምር እችላለሁ። ያዋጣል?

በዘፈቀደ ከጨመሩ ትንሽ ብቻ። ከ150 ወደ 200 መሄድ መደበኛ ስህተቱን ወደ 87 በመቶው ያወርደዋል፤ ግማሽ ለማድረግ 600 ሰው ያስፈልጋል። በቡትስትራፑ ውጤት ግን ገንዘቡ የት እንደሚውል መምረጥ ይችላሉ። የትኛው ኮፊሸንት ክልሉ እንደሰፋ፣ የትኛውም አማራጭ ዙሮችን እንዳበላሸ ይመልከቱ። ከላይ ባለው ምሳሌ 50ውን መጠይቅ በባቡር ጣቢያ ማስሞላት የባቡር ተጠቃሚዎችን ከ3 ወደ 53 ያደርሳል፤ ባቡር የጠፋበት ዙር አይኖርም፣ ቋሚውም ወሰን ያገኛል። የቋሚውን እርማት ለመሥራት ግን የባቡር ድርሻ በከተማው ስንት እንደሆነ ከሌላ ምንጭ፣ ለምሳሌ ከትኬት ሽያጭ፣ ማግኘት ይኖርብዎታል፤ ያ ቁጥር ከሌለ 50ውን ሰው ከመጠየቅዎ በፊት ይፈልጉት።